ካርታችን የዘነጋው ሦስተኛው ቁጥር

ድሬዳዋ የከፍታ ልኬት ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር ያመራ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ በሚደርስ ተራራማ ስፍራ ላይ የተቀመጠች ናት። ሐዲዱን እስከዚያ ማውጣት ብዙ ወጪና ድካም የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ መሐንዲሶቹ ተራራውን ትተው ከግርጌው በሚገኘው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ጣቢያቸውን ተከሉ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ ከተማዋም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረች። እነዚያ ቀያሾች ርዝመትንና ስፋትን ብቻ የሚያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ሐረር በወረቀት ላይ ቅርብ መስላ በታየቻቸው ነበር። ለዛሬዪቱ ድሬዳዋ መኖር ምክንያት የሆነው ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም ከፍታ፣ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ቤተሰባችሁ በሣጥን ያስቀመጠውን የይዞታ ማረጋገጫ፣ በተለምዶ «ካርታ» የምንለውን ወረቀት፣ አውጥታችሁ ተመልከቱ። የቦታው ቅርጽ፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ የአዋሳኞቹ ማንነትና የማዕዘኖቹ የኮኦርዲኔት ቁጥሮች ይታያሉ። እነዚህ ቁጥሮች ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ያለውን ርቀት ይነግረናል። ወደ ላይና ወደ ታች ስላለው ግን ወረቀቱ በአብዛኛው ዝም ይላል። በከፍታ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ በወረቀት ላይ ከፍታ የሌላት ሆና ትኖራለች ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለአንድ ነገር ነው። ከላይና ከታች ለተለያዩ ሰዎች የተከፈለ ማንኛውም ንብረት ወሰኑ በሦስት ቁጥሮች ይጻፍ፤ ሦስተኛውም ቁጥር ከማይነቃነቅ መነሻ የተለካ ይሁን እንላለን። ነገሩ የቀያሾች ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከእኅት የሚያጣላ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

የሁለት ወራሾች ቤት

ለምሳሌ ያህል አንድ አባት መጋላ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተው ኖሩ እንበል። ሲያርፉ ከታች ያለውን ሱቅ ለሴት ልጃቸው፣ ከላይ ያለውን መኖሪያ ለወንድ ልጃቸው አወረሱ። ካርታው ላይ የሚታየው ግን አንድ አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ስሞች ይጻፋሉ። እኅትና ወንድም እስከተፋቀሩ ድረስ ችግር የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወንድም ሌላ ፎቅ መጨመር ፈለገ። እኅት ደግሞ «መሬቱ የሁለታችንም ከሆነ ከጣሪያው በላይ ያለውም የሁለታችን ነው» አለች። እርሷም በተራዋ ከሱቋ ሥር የዕቃ ማስቀመጫ ለመቆፈር ብታስብ፣ ወንድም «መሠረቱ የእኔንም ቤት የተሸከመ ነው» ብሎ ይከለክላል። በሁለቱ መካከል ያለው የሲሚንቶ ወለል ውኃ ቢያሳልፍስ አዳሹ ማን ነው? ለእርሷ ጣሪያ፣ ለእርሱ ወለል ነውና። ወንድም የላይኛውን ቤት አስይዞ ከባንክ ልበደር ቢል ባንኩ በመያዣነት የሚቀበለው ምኑን ነው? አራት ማዕዘኑ ለእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱም መልስ የለውም። እዚህ ላይ የጎደለው ፍቅር ወይም ሕግ አክባሪነት አይደለም፤ የጎደለው ልኬት ነው።

ከገመድ ወደ ዐምድ

አያቶቻችን መሬትን በቀላድ ይለኩ ነበር። ቀላድ ገመድ ነው፤ በምድር ላይ ይዘረጋል እንጂ ወደ ላይ አይቆምም። ለእርሻ መሬት ይህ በቂ ነበር፤ አንዱ ገበሬ በሌላው ገበሬ ራስ ላይ አያርስምና። የከተማ ሰው ግን በአራት ማዕዘን ውስጥ አይኖርም፤ የሚኖረው ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ በከበቡት ሕዋ ውስጥ ነው።

ነገሩን በጂኦሜትሪ እንመልከተው። በአንድ ቦታ አራት ማዕዘኖች ላይ ቱምቢ ብናንጠለጥል፣ አራቱም ገመዶች ወደ ምድር እምብርት ያመለክታሉ። በመሆኑም በጥብቅ ከተነጋገርን ይዞታችን ወደ ታች እየጠበበ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ እንጂ ቀጥ ያለ ሣጥን አይደለም። ነገር ግን 100 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ላይ 100 ሜትር ወደ ላይ ብንወጣ የሚጨምረው ስፋት 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንባቢ 100 በ100 አባዝቶ ለምድር ሬዲየስ፣ ማለትም ለ6,371,000 ሜትር፣ በማካፈል ሊያረጋግጠው ይችላል። ስለዚህ ይዞታችንን እንደ ቀጥ ያለ ዐምድ ብንቆጥረው የምንሳሳተው ከምናስበው በታች ነው። ዋናው ጥያቄ የዐምዱ ጎኖች ሳይሆኑ ጫፎቹ ናቸው፤ ዐምዱ ከየት ይጀምራል? የትስ ያበቃል?

ጥንታውያን የአውሮፓ የሕግ ሊቃውንት የመሬት ባለቤት እስከ ሰማይና እስከ ጥልቁ ድረስ ባለቤት ነው ይሉ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ይህ አባባል ችግር ገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1946 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው በላዩ እየበረሩ ዶሮዎቹን በድንጋጤ ስለጨረሱበት አንድ ዶሮ አርቢ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ እስከ ሰማይ የሚዘልቀው የባለቤትነት እሳቤ በዘመናዊው ዓለም ቦታ እንደሌለው ገለጸ። ሆኖም አርቢው ከምድሩ ቅርብ ላለው ሕዋ ካሣ እንደሚገባው አልካደም።

የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ መረጠ። በቁጥር 1209 እና 1210 የመሬት ባለቤትነት በመሬቱ ለመጠቀም አስፈላጊ እስከሆነው ድረስ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚዘልቅ ደነገገ። አነጋገሩ ብልህነት አለው፤ ነገር ግን «አስፈላጊ እስከሆነው ድረስ» የሚለው ሐረግ በሜትር አይለካም። ከዚያም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ፣ በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተገነባው ቋሚ ንብረት ግን የገነባው ሰው መሆኑን አስቀመጠ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ የአገሪቱን ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል። የድሬዳዋ ነዋሪ የሚጠጣው በሳቢያንና በአካባቢው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ ነውና ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ በአንዲት ቁራሽ መሬት ዐምድ ውስጥ ሦስት ዓይነት መብቶች ተደራርበው ይገኛሉ ማለት ነው፤ በጥልቁ የሕዝብ ውኃ፣ በገጹ ከመንግሥት የተገኘ ይዞታ፣ ከገጹ በላይ የግል ቤት። ሕጋችን ሦስት ድርብ አለው፤ ፕላናችን ግን አንድ ድርብ ብቻ ይሥላል።

በአምስትና በሁለት መካከል

መንግሥት ችግሩን ፈጽሞ አላየውም አንልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ለኮንዶሚኒየም መሠረት የጣለ ሕግ ነው። ነገር ግን አዋጁ የጋራ ሕንፃ የሚለው በተናጠል የተያዙ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያዎች ያሉትን ሕንፃ ነው። ከላይ በምሳሌነት ያነሣነው የእኅትና የወንድም ቤት ሁለት ብቻ በመሆኑ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አይገባም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1281 ጀምሮ ስለ ፎቆች የተናጠል ባለቤትነት ቢናገርም፣ የሕግ ቃል ያለ ልኬት ወሰን አይሆንም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ደግሞ ሕጋዊ ካዳስተርን አስተዋወቀ። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ መለያ ኮድ እንዲኖረው፣ ወሰኑም ተለክቶ እንዲመዘገብ መሠረት ጣለ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የምዝገባው መነሻ አሐድ ቁራሽ መሬት፣ ማለትም ጠፍጣፋ ቅርጽ፣ ነው። ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር የአያቶቻችን ቀላድ አሁንም በምድር ላይ እንደተዘረጋ ነው።

ከየት ይለካ?

«ከፍታውን መጻፍ ምን ያስቸግራል? የላይኛው ቤት ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምራል ብሎ መጻፍ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ አንባቢ የምንመልሰው ወደ ደቻቱ ወስደን ነው።

ከዚራንና መጋላን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ውኃ የሌለበት የአሸዋ መንገድ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደጋው የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወረደ፤ ከ200 በላይ ሰዎችም በተኙበት አለቁ። ያንን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ምድር የማይነቃነቅ ነው ብሎ አይናገርም። ጎርፍ አንዱን ስፍራ ይቦረቡራል፣ ሌላውን በአሸዋ ይሞላል፤ ችካልም ይነቅላል። አንድ ጎርፍ በአንድ ደጃፍ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢከምር፣ «ከመሬት 3 ሜትር» የተባለው ወሰን በአንድ ሌሊት 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጣ ልንል ነውን? መንገድ ሲነጠፍም፣ ግቢ ሲደለደልም ያው ነው። ስለዚህ «መሬት» የከፍታ መነሻ ሊሆን አይችልም።

ሳይንስ ያገኘው መፍትሔ የባሕርን አማካይ ወለል መነሻ አድርጎ መውሰድ ነው። ከዚያ የተነሣው ልኬት በሌቭልና ባለ ምልክት ዘንግ ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተላለፈ ወደ መሐል አገር ይደርሳል፤ በየመንገዱም ቤንችማርክ የሚባሉ ቋሚ የከፍታ ምልክቶች ይተከላሉ። የባቡር መሐንዲሶቹም ከጅቡቲ ጠረፍ እስከ ድሬዳዋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲመጡ ያደረጉት ይህንኑ የመሰለ ሥራ ነው፤ ባቡር ዳገት አይወድምና።

ዛሬ በእጃችን ያለው ጂፒኤስ ሥራውን የሚያቀልል ይመስላል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጂፒኤስ ከፍታን የሚሰጠን ኤሊፕሶይድ ከተባለ ለስላሳ የሂሳብ ቅርጽ ነው። የባሕር ወለል የሚከተለው ግን ጂኦይድ የተባለውን፣ በምድር ስበት መበላለጥ ምክንያት እዚህ ጎድጎድ እዚያ ጎበጥ ያለ ገጽ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዓለም ዙሪያ ከ106 ሜትር ዝቅታ እስከ 85 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። አንዱ ቀያሽ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው መነሻ ቢለካ፣ የአንዱ ሰው ሳሎን በወረቀት ላይ በጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ ከየትኛው መነሻ እንደተለካም አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ሲንጋፖር በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሻሻለችው ሕግ፣ የተለየ ጥልቀት ካልተጠቀሰ በቀር የመሬት ባለቤት መብት ከአገሪቱ የከፍታ መነሻ በታች 30 ሜትር ድረስ እንዲዘልቅ ወሰነች። ልብ በሉ፣ ከመሬት ገጽ በታች 30 ሜትር አላለችም። ኮረብታ ላይ ያለውም ሸለቆ ውስጥ ያለውም የሚለካው ከአንድ መነሻ ነው።

ጠፍጣፋ ያልነው ጠፍጣፋ አይደለም

ከፍታን ከፕላን ማውጣት የሚቻል የሚመስላቸው አሉ። እንዲያውም አይቻልም። ካርታዎቻችን የሚሣሉበት ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት ምድርን በ6 ዲግሪ ስፋት በዞኖች ይከፍላል። ድሬዳዋ የምትገኘው በ41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው፤ የምትመደብበት ዞን 37 ደግሞ የሚያበቃው በ42 ዲግሪ ነው። ከተማችን ከዞኑ ጠርዝ ላይ በመሆኗ፣ 100 ሜትር ርዝመት በካርታ ስሌት 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይለጠጣል። የ1,200 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ በተቃራኒው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። የተጣራው ልዩነት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዞኑ መካከል አጠገብ በምትገኘውና ከድሬዳዋ እጥፍ ያህል ከፍ በምትለው አዲስ አበባ ግን ያው 100 ሜትር በካርታ ስሌት ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያጥራል።

6 ሳንቲ ሜትር የግማሽ ግድግዳ ውፍረት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ከፍታን ያልመዘገበ ፕላን ርዝመቱንም በትክክል ማወቅ እንደሚሳነው ነው። ሦስተኛው ቁጥር በሁለቱ ውስጥ ተደብቆ አለ፤ አልጻፍነውም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በመጠነ ይዘት የሚገለጹ የይዞታ ፕላኖችን ትቀበላለች። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከጥር 2004 ጀምሮ በሦስት አቅጣጫ የተወሰነ ንብረት ራሱን ችሎ እንዲመዘገብ በሕግ ፈቀደች። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ የመሬት አስተዳደር መረጃ ደረጃ፣ አይኤስኦ 19152፣ ወጣ፤ ይህም ደረጃ ጠፍጣፋውንና ባለ ሦስት አቅጣጫውን ወሰን ጎን ለጎን ያስተናግዳል። ኔዘርላንድ ደግሞ በዴልፍት ከተማ ከምድር በታች ባቡር፣ ከላይ የከተማ አስተዳደር ሕንፃ ለተደራረበበት ስፍራ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት አቅጣጫ ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈጸመች።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በከፊል በድልድይ ላይ፣ በከፊል ከምድር በታች ይሄዳል። ባቡሩ ከላይ፣ መኪናው ከሥር ያልፋል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱ በአንድ ስፍራ ተደራርበው ይታያሉ፤ በእውነቱ ግን አንዱ ሌላውን አይነካም። የሚለያያቸው ሦስተኛው ቁጥር ብቻ ነው።

«ቅድሚያ ለጠፍጣፋው» ለሚሉ

ልንሸሸው የማይገባ ተቃውሞ አለ። «ጠፍጣፋውን ካዳስተር እንኳ አጠናቀን ሳንጨርስ፣ በጀትና ባለሙያ ባነሰበት አገር ስለ ሦስተኛ አቅጣጫ ማውራት ቅንጦት ነው» ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። በየግቢው የከፍታ ልኬት ይካሄድ ብንል ኖሮ እኛም በተቃወምነው ነበር። አንድ ቤተሰብ ብቻ ለሚኖርበት ባለ አንድ ወለል ቤት አራት ማዕዘኑ ይበቃዋል።

የምንጠይቀው ግን ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በከተማዋ ውስጥ ከጎርፍ መንገድ ርቀው በጽኑ ዐለት ወይም መሠረት ላይ የተተከሉ፣ ከአገር አቀፉ መነሻ ጋር የተያያዙ ቤንችማርኮች ይጠበቁ፤ በጎደለበትም ይጨመሩ። ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለተከፈለ ንብረት፣ አምስት ቤት ይኑረው ሁለት፣ ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቢታይ የሚኖረውን ገጽታ የሚያሳየው ሥዕል፣ ባለሙያዎች ሴክሽን የሚሉት፣ ከፕላኑ ጋር ይያያዝ። ሦስተኛ፣ በሴክሽኑ ላይ የየወለሉ ከፍታ ከነመነሻው በቁጥር ይጻፍ፤ ወሰኑም የወለሉ ላይኛ ገጽ፣ ታችኛ ገጽ ወይም የውፍረቱ እኩሌታ መሆኑ በቃል ይገለጽ።

ለዚህ ሥራ ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልግም። ሌቭልና ዘንግ የያዙ ሁለት ሠልጣኞች በጥቂት ሰዓታት የሚፈጽሙት ነው። ለሕንፃ ፈቃድ ሲባል ሴክሽን ቀድሞውንም ይሣላል፤ የጎደለው ከይዞታ ማረጋገጫው ጋር መገናኘቱ ነው። ጠፍጣፋው ምዝገባ እስኪያልቅ እንቆይ ከተባለ ደግሞ፣ ፎቁ አይቆይልንም። አሁን ያልተለካ ፎቅ ነገ ሲለካ፣ የሚለካው በክርክር መካከል፣ በዳኛ ትእዛዝ ይሆናል።

ለእናንተ ለተማሪዎችም የምንለው አለን። የኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪ ትምህርት ላይ ኤክስና ዋይን ጨርሳችሁ ዜድ ስትደርሱ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። ከትምህርት ቤታችሁ ሕንፃ ጀምሩ፤ የየወለሉን ከፍታ ከአንድ ቋሚ ነጥብ ለኩ፣ ሴክሽኑን ሣሉ፣ የማን ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ በቁጥር ጻፉ። ቁጥሩ የት እንደሚያከራክር ያኔ ይገባችኋል።

ወደ መጋላው ቤት እንመለስና እንሰነባበት። አባት በሕይወት ሳሉ አንድ ቀያሽ ጠርተው የሚከተለውን አጽፈው ቢሆን ኖሮ እንበል፦ የመካከለኛው ወለል ታችኛ ገጽ 1,206.40 ሜትር፣ ላይኛ ገጽ 1,206.60 ሜትር፤ ወሰኑ የውፍረቱ እኩሌታ፣ 1,206.50 ሜትር። ከዚህ በታች እስከ 1,203.40 ሜትር የእኅት፣ ከዚህ በላይ እስከ 1,209.60 ሜትር የወንድም፤ ከዚያ በላይና ከዚያ በታች የጋራ። አራት መስመር አይሞላም። ወለሉ ውኃ ቢያሳልፍ ወጪው እኩል ይካፈላል፤ ፎቅ መጨመር የፈለገ የሌላውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባንኩም መያዣው ምን እንደሆነ ያውቃል። ደቻቱ ደጃፉን በአሸዋ ቢሞላውም 1,206.50 ያው 1,206.50 ነው።

የባቡር ቀያሾቹ ሦስተኛውን ቁጥር አክብረው ከተማ ተከሉ። እኛ ደግሞ በዚያች ከተማ ውስጥ እኅትና ወንድም በሰላም እንዲኖሩ ያንኑ ቁጥር በወረቀታችን ላይ እንጻፈው።